«ሱስን በሱስ መተካት» ስለሚባለው ነገር



የሄሮይን ሱስ በመድኃኒት ይታከማል ባልሁ ቁጥር ከአዳራሹ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ አንዱን ሱስ በሌላ መተካት አይደለምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱም በመድኃኒቱ አሠራር ውስጥ ይገኛል።

በደም ሥር የተወጋ ሄሮይን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ይለቃል። ሱሰኛው ውሎ አዳሩን በስካርና በሐራራ መካከል ይዋልላል። ሜታዶን ግን በአፍ ይወሰዳል፤ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። መጠኑ የተስተካከለለት ሰው አይሰክርም፤ ሥራውን ይሠራል፣ ልጁን ያሳድጋል። ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው። ነገር ግን ፌኖባርቢታልን በድንገት ያቋረጠ የሚጥል በሽታ ሕመምተኛም ክፉኛ ይታመማል፤ እርሱን ሱሰኛ የሚለው ማን ነው?

ይበልጥ የሚገድለው ስሕተት ሌላው ነው፦ «ጥቂት ሳምንት ይውሰድና ይቁምለት» የሚለው። ሄሮይንን የተወ ሰውነት የመቋቋም ዐቅሙ ይወርዳል፤ በዚያው በቀድሞው መጠን ቢመለስበት ትንፋሹ ይቆማል። ፈረንሳይ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠቅላላ ሐኪሞች ቡፕረኖርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች፤ ከመጠን ባለፈ ሄሮይን የሚሞቱት በአራት ዓመት ውስጥ በአራት አምስተኛ ገደማ ቀነሱ። መድኃኒቱ ሾልኮ በጥቁር ገበያ መሸጡ፣ አልደብቃችሁም፣ አልቀረም።

ስለ ጫት ለምትጠይቁኝም፦ ለእርሱ እንዲህ ያለ መድኃኒት እስካሁን የለም።