«ለቤተሰቤ ብዬ ነው»

ዛሬ የምናነሳላችሁ ሰው በእውን የኖረ አይደለም። ዋልተር ዋይት ይባላል፤ ከ2008 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘ ባለ 62 ክፍል ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ተመልከቱት ማለታችን አይደለም፤ ለቤተሰብ የማይሆን ብዙ ነገር አለበት። ነገር ግን ወጣቶቻችን አይተውት ሰውየውን እንደ ጀግና ሲያወሩለት ስለሰማን ዝም ማለቱን አልወደድንም።

ዋልተር በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የሚኖር የ50 ዓመት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ደመወዙ ስለማይበቃው ከትምህርት ሰዓት ውጭ መኪና እጥበት ይሠራል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁ አካል ጉዳተኛ ነው። በዚህ ላይ የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ይነገረዋል። ሲሞት ቤተሰቡ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ሜታምፌታሚን የተባለውን ሱስ አስያዥ ዕፅ ማምረት ይጀምራል። ቆየት ብሎም የሚበቃውን አስልቶ 737 ሺህ ዶላር ይላል። ልብ በሉ፤ ሐራሙ መጀመሪያ ላይ ልክ ተበጅቶለት ነበር።

ይሁንና ገና ሲጀምር ሌላ በር ተከፍቶለት ነበር። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ድርጅት፣ እርሱ ድርሻውን በ5 ሺህ ዶላር ሸጦ ከወጣ በኋላ፣ ቢሊዮኖችን የሚያወጣ ሆኗል። እነዚያው ወዳጆቹ ሥራ እንስጥህ፣ የሕክምናህን ወጪም እንሸፍንልህ አሉት። እምቢ አለ። እኛ የዚህን ሰው ጥፋት መቁጠር የምንጀምረው ከዕፁ ሳይሆን ከዚህ እምቢታ ነው። የሐላሉን በር የዘጋበት ድህነት ሳይሆን ኪብር ነውና። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የገንዘብና የክብር ስስት ዲንን የሚያበላሸው፣ የተራቡ ተኩላዎች በበግ መንጋ መካከል ቢለቀቁ ከሚያደርሱት ጥፋት በላይ መሆኑን አስተምረውናል።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። የሥራ ባልደረባው ፍቅረኛ ራሷን ስታ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ማዳን እየቻለ ቆሞ ሞቷን ተመለከተ። ገደለ፤ አስገደለ። አምስት ሚሊዮን ዶላር ወስደህ ውጣ ሲባል፣ እኔ ግዛት ነው የምገነባው ብሎ አሻፈረኝ አለ። የዚያን የቀድሞ ድርጅቱን ዋጋም በየሳምንቱ እያየ ይቃጠል እንደነበር ያን ዕለት አመነ። በዕውቀቴ ያገኘሁት ነው ብሎ የተኩራራውን ቃሩንን ያስታውሰናል። ሚስቱ የኪራይ መጋዘን ውስጥ የተከመረውን ብር አሳይታ ስንት ሲሆን ነው የሚበቃን ስትለው ነው እተዋለሁ ያለው። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው አልቋል።

«ለቤተሰቤ ብዬ ነው» የሚለው ቃል ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። ሚዛን የሚያጎድለውም፣ በወለድ የሚያበድረውም፣ የወንድሙን ውርስ የሚክደውም ለልጆቼ ብዬ ነው ይላል። ልጆቹን ግን የጠየቃቸው የለም።

ዋልተር በመጨረሻው ክፍል ሚስቱ ፊት ቆሞ ሁሉንም ያደረገው ለራሱ እንደነበር፣ ደስም ይለው እንደነበር አመነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከተደበቀበት ሩቅ አገር ለልጁ ስልክ ደውሎ ነበር፤ 100 ሺህ ዶላር በካርቶን ሊልክለት ፈልጎ። ልጁ በአባቱ ጦስ የሞተውን የአክስቱን ባል እያነሳ ጮኸበት። ገንዘብህን አልፈልግም፣ እስካሁን ለምን በሕይወት አለህ ብሎ ስልኩን ዘጋው።