በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ
(እሁድ በስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ማዳምን ለምናችሁ፣ ለታክሲ ከፍላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁኝ ከአስረኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ዛሬ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

የብዙዎቻችን ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ነው። ለዚህ ነው የፓስፖርት፣ የኮንትራትና የመኖሪያ ፈቃድ ፎቶዎቻችንን ጉግል ድራይቭ ላይ በአንድ ፎልደር ያስቀመጥነው። ፎልደሩን የከፈተችው አሁን አገር ቤት የገባችው እህታችን ናት። ባለቤቷ እሷ ናት፤ እኔ የማስተካከል ፈቃድ ብቻ ነበረኝ።

ሰኞ ማታ ሥራ ጨርሼ ሳየው፣ ፎልደሩ ሊንኩ ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ነው። ሊንኩ ደግሞ ስንት ሰው ጋ ዞሯል! ደላላ እጅ ቢገባስ ብዬ ደነገጥኩና «ሪስትሪክትድ» የሚለውን ነካሁ። መዝጋቱ ልክ ነበር። ጥፋቴ፣ መጀመሪያ የእናንተን ጂሜይል አንድ በአንድ አለማስገባቴ ነው። አብዛኞቻችሁ በሊንኩ ነበር የምትገቡት፤ በሩ ተዘጋባችሁ። እሱ አልበቃ ብሎኝ የማላውቀውን ጂሜይል ሁሉ ሳስወጣ የራሴንም አስወጣሁት። ጂሜይሌን ያወጣልኝ ስልክ ሻጩ ስለሆነ አላወቅኩትም። አጠገቡ «ዩ»፣ አንቺ ማለት ነው፣ የሚል ነበረ፤ በድካም አላነበብኩትም።

ማክሰኞ አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። የሰባት ወር ደመወዟ ሳይከፈላት ከቤት ወጥታለች። ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ኮንትራት አምጪ ተብላለች። ኮንትራቱ ያለው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። እኔ ምን አልኳት? «ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው፣ ነገ እልክልሻለሁ» አልኳት። ዋሸኋት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ግን በድምፅ መልእክት ለሁላችሁም እውነቱን ተናገርኩ። አንዷ ወዲያው መለሰች፦ «ፎልደሩ ቢዘጋም እያንዳንዷ ራሷ የጫነችው ፎቶ የራሷ ነው፤ ድራይቭ መፈለጊያው ላይ ኦውነር ብለሽ፣ ሁለት ነጥብ አድርገሽ፣ ሚ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ።» እውነትም እኔ የጫንኳቸው ወጡ። የዚያች እህታችን ኮንትራት ግን የለም፤ እሱን የጫነችው አገር ቤት ያለችው ናት።

የፎልደሩን ሊንክ ስነካ «ሪኩዌስት አክሰስ» የሚል መጣ፤ ፈቃድ ጠይቂ ማለት ነው። ጠየቅኩ። ጥያቄው የሚሄደው ወደ ባለቤቷ ጂሜይል ነው። ስንደውልላት ደግሞ ስልክ ቀይራለች፣ የይለፍ ቃሉንም ረስታዋለች። ደግነቱ አሮጌው ስልኳ ታናሽ ወንድሟ ጋ ነበር፤ ጂሜይሏም አልወጣም። «እንዳታጠፋው! ሪሴት እንዳታደርገው!» አልነው። ሐሙስ ከሥራ ሲገባ ጥያቄውን ከፍተው ፈቃድ ሰጡኝ። ኮንትራቱ በዚያው ማታ ተላከ።

እህታችን ገንዘቧን ገና አላገኘችም። ግን ባዶ እጇን አይደለችም፤ ወረቀቷን ይዛ እየተከራከረች ነው።

አሁን እንዲህ እናድርግ። ዛሬ ከመሄዳችን በፊት ጂሜይላችሁን ስጡኝ፤ በስም አስገባችኋለሁ። ጂሜይላችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ማዳም በማታገኘው ቦታ ጻፉ። የየራሳችሁን ወረቀት ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ አንድ ቅጂም አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ። አገር የምትገባ እህት ከመሄዷ በፊት የፎልደሩን ባለቤትነት እዚህ ላለች ታስተላልፍ። ማንንም ከማስወጣታችሁ በፊት ደግሞ ጂሜይሉን ሁለቴ አንብቡ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አንድ ቀን ደበቅኩ፤ ያቺ ቀን የእሷ ቀን ነበረች። ስትሳሳቱ እንደኔ አትደብቁ፣ ወዲያው ንገሩን። ማንም አይስቅባችሁም።

በሉ፣ ስልካችሁን አውጡ።