የመንፈስ ቁስልን በአጭር ጊዜ ስለ ማከምና ስለ አጋዥ ድጋፎቹ
(ላሊበላ ላይ ለእርዳታና ለመልሶ ማቋቋም ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



በላስታ ደጋ ስለ ደረሰ መከራ በተነጋገርን ቁጥር የምንቆጥረው የእህሉን ኩንታል፣ ያለቀውን ከብትና የተፈናቀለውን ቤተ ሰብ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ እህል ያሻዋል። ይሁን እንጂ እህል ደርሶት፣ መጠለያም አግኝቶ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ፣ ቀን ደግሞ ያየው ነገር በፊቱ እየተደቀነ ሞፈሩን የሚያስጥለው ሰው በመዝገባችን ላይ አይታይም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው።

የዚህ አገር ሕዝብ መከራ ተደራራቢ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎ ስፍር ቁጥር የሌለው ወገን አጣ። በዚያን ጊዜ በተካሄደው ሰፈራ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሄድ፣ አብዛኛው ወሎዬ ነበር። በጥድፊያውም ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ የተለያየበት ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ።

ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው፤ አብዛኛውም ሰው በዘመድና በጎረቤት እቅፍ ውስጥ ይድናል። የአንዳንዱ ግን ከወር በላይ ይዘልቃል። ያለፈው ነገር ዛሬ እንደሚፈጸም ሆኖ ይመለስበታል፤ ያንን የሚያስታውሰውን መንገድ፣ ድምፅና ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ በትንሽ ኮሽታ ይበረግጋል። ይህ ሕመም በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ በስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ ይኸውም ከታላቁ ረሀብ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀደም ብሎ ነው።

እኛ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሐዘንን በሆድ መያዝ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ሽሽት ሕመሙን ያቆየዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውም የራሳችን አባባል ነው። ፍቱን ሆነው የተገኙት የንግግር ሕክምናዎች መሠረታቸው ይኸው ነው፤ ታማሚው በሠለጠነ ሰው አጠገብ ሆኖ የሸሸውን ትዝታ በሥርዓት ይጋፈጠዋል፤ ትዝታውም ወደ ዓመቱና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ችግሩ የጊዜ ነው። የተለመደው ሕክምና በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይሰጣል። ከቡግና ወይም ከጊዳን በእግሯ የመጣች፣ ልጅ ያዘለች፣ ነገ ወደ የትኛው ጣቢያ እንደምትዛወር የማታውቅ ተፈናቃይ እናት ይህን እንዴት ትፈጽመዋለች? ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትቀራለች፤ ቁስሉ ተከፍቶ ሳይታሰር ይቀራል።

በመሆኑም ሕክምናውን በተከታታይ ቀናት አጠናክሮ መስጠት ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በሰባት ቀን ውስጥ የተሰጠ ሕክምና በሦስት ወር ከሚሰጠው ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንዳለው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገው ጥናትም አሥር ጊዜ የሚሰጠው ሕክምና በሁለት ሳምንት ቢያልቅ በስምንት ሳምንት ከሚያልቀው እንደማያንስ አረጋገጠ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በዩጋንዳ የታየው ነው። በዚያ በሰፈሩ የሱዳን ስደተኞች መካከል የሕይወት ታሪክን በመተረክ የሚሰጥ ሕክምና በአራት ጊዜ ብቻ ተሰጠ። ታማሚው ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜው ነው። ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ያኖርበታል። ከዚያም በየድንጋዩ ያየውን፣ የሰማውንና የተሰማውን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ቃሉም ተጽፎ ይነበብለታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው ከመቶ 29 ሲሆኑ፣ የማጽናኛ ምክር ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 79 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከስደተኞቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በሩዋንዳና በሶማሊያ ስደተኞች ላይ ፍሬ ያለው ሥራ ሠርተዋል። በቂ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነው።

በተከታታይ ቀናት መቀመጥ ለባህላችንም እንግዳ አይደለም። ለቅሶ በሳምንት አንድ ቀን አይደረስም፤ እስከ ሣልስት ድረስ ጎረቤቱ ከሐዘንተኛው ቤት አይለይም። ለቅሶ ሕክምና ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በረሀብና በጦርነት ብዙ ሰው ያለ ለቅሶ ተቀብሯል፤ ያላለቀሰ ሰውም ብዙ ነው።

አጋዥ ድጋፎችን በሚመለከት፣ ቦታቸውን ለይተን ማወቅ ይገባናል። እህል፣ መኝታ፣ የእንቅልፍ ሥርዓት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ሲያስፈልግም ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ሕክምናውን ይደግፋሉ። ዕድርና ሰንበቴ፣ የንስሐ አባትና ጸበልም እንዲሁ። ማለዳ ጸበል የተጠመቀ ሰው ከሰዓት በኋላ ለሕክምናው ሊቀመጥ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ነገር ግን እህሉ ብቻውን ትዝታውን አያበርደውም፤ የተራበውም ሰው ትዝታውን ለመጋፈጥ አቅም አይኖረውም። ሁለቱ በአንድነት ይሂዱ።

ከእናንተ የምለምነው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእህል ሰልፍ ላይ ስም ስትመዘግቡ የደረሰበትን ሰቆቃ በዝርዝር አትጠይቁ። አንድ ጊዜ አስተርኮ መሄድ ሕመሙን እንደማይከላከል ተረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ሕክምና የጀመረን ሰው እስኪጨርስ ድረስ ከጣቢያው አታዛውሩት፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የእርዳታ ማከፋፈያውን ቀን ከሕክምናው ቀን ጋር አታጋጩ፤ ሰው በእህሉና በጤናው መካከል እንዲመርጥ አይገደድ። አራተኛ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲገጥማችሁ ብቻውን ሳትተዉት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

እነዚህ አራቱ ተጨማሪ በጀት ከመጠየቅ ይልቅ የሥራ ፕሮግራም ማስተካከልን የሚጠይቁ ናቸው። መልሶ ማቋቋም ማለት ሰውን በቤቱና በእርሻው ላይ ማቆም ብቻ ሳይሆን፣ በቤቱ ተኝቶ እንዲያድርና እርሻውን ያለ ፍርሃት እንዲያርስ ማድረግም ጭምር መሆኑን እያሳሰብሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።