የምንገዛው ብረቱን ነው ወይስ የሥራ ቀኑን?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትራክተር ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ ያቀረበው ንግግር



እኛ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ቡድኖች ተመርጠን አንድ ጉዳይ እንድናጠና የላካችሁን አምስት አባላት ነን። ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሰበታ ወጣ ብሎ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሳር የዋጠው ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር አለ። ከቆመ ዓመታት አልፈውታል፤ አይነሳም። አሁን በጨረታ ሊሸጥ ነው። ከቁጠባችን አውጥተን እንግዛውና እናሠራው? ወይስ እንተወው? ዛሬ ድምፅ የምትሰጡት በዚህ ላይ ስለሆነ ያየነውን ሁሉ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በአገራችን እርሻ ሴት ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ታበጥራለች። በሬ ጠምዶ ማረስ ግን በልማድ የወንድ ሥራ ነው። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እናት መሬት እያላት አራሽ በማጣት ለእኩል ትሰጣለች። ከምርቱ ግማሹ ደጇ ሳይደርስ ይሄዳል። አራሹም የራሱን ማሳ ሳይጨርስ ወደ እሷ አይመጣም፤ ሲመጣ ወቅቱ አልፎ፣ ጤፉ ዘግይቶ ይዘራል። ከሰበታ በተፍኪ በኩል ወደ በቾ ሜዳ ያሉ አባሎቻችን በየስብሰባው የሚያነሱት ይህንኑ ነው። አንዲት እናታችን «መሬቱ የእኔ ነው፤ ቀኑ ግን የሰው ነው» ብለዋል። ለእነዚህ እናቶች ትራክተር ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ሲፈቅድ ብዙዎቻችን አዲስ ትራክተር የሚደረስበት መስሎን ነበር። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ከአቅማችን ራቀ። ዓይናችን ወደ ቆመው ትራክተር የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

እህቶቻችን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢና በየእርሻው ዳር የቆመ ትራክተር ያላየ የለም። ለምን ቆመ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እነሱን ያቆማቸው ነገር የእኛንም ሊያቆም ይችላልና።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቀረበ። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር አስገብተው ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬቱ ተነቀሉ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ታወጀ፤ ትላልቆቹ እርሻዎችም የመንግሥት እርሻ ሆኑ። በ1970ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተር ይገጣጠምበት ጀመር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲለውጥ ደግሞ የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ። አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። ትራክተር ግን ለመከፋፈል አይመችም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዝን። አንደኛ፣ ትራክተሩ የማን እንደሆነ የሰውን ዕድል ይወስናል፤ በጭላሎ ያፈናቀለው ማሽን በእናቶች እጅ ቢሆን ለእኩል የሄደውን ማሳ ሊመልስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሁሉም የሆነ ማሽን ተጠያቂ ባለቤት ከሌለው የማንም አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል ሰምተናል። ትራክተር ግን ዘይቱን የሚያይ፣ ሒሳቡን የሚይዝ፣ ቁልፉን የሚቆልፍ አንድ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ትራክተሩ እንሂድ። በጨረታው ማስታወቂያ ላይ በተፈቀደው የመጎብኛ ቀን አንድ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ይዘን ሄድን። መካኒኩ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ለማዞር ሞከረ፤ አልዞረም፤ ነክሷል። ነከሰ ማለት ሞተ ማለት እንዳልሆነ አስረዳን። ብዙ ዘመን የቆመ ሞተር ፒስተኑ ከካሚቻው ጋር በዝገት ይያያዛል። ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው በቀዳዳቸው ዘይት ገብቶ ለቀናት ሲቆይ አንዳንዱ ይለቃል። ካልለቀቀ ቴስታታው ተነሥቶ ፒስተንና ካሚቻ ይቀየራል፤ ይህም ቢሆን የታወቀ ሥራ ነው።

ያላስደሰተው ሌላ ነገር ነው። ጭስ ማውጫው ክዳን የለውም፤ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ስንት ክረምት ዘንቦበታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሲያወጣው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የናፍጣ ፖምፓውና ሞተሪኖው ተፈትተው ተወስደዋል። የኋላ ጎማዎቹ በፀሐይ ተሰነጣጥቀዋል። ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑንና ማረሻ የሚያነሳውን ሀይድሮሊክ ደግሞ ሞተሩ ተነሥቶ ካልሠራ በቀር ማንም ሊፈትሻቸው አይችልም። ስለዚህ ወጪውን በሦስት ከፈልነው፦ የሚታይ፣ የሚጠረጠርና የማይታወቅ።

ለሚታየው፣ ማለትም ለፖምፓው፣ ለሞተሪኖው፣ ለባትሪውና ለጎማው፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን ከተለያዩ ሱቆች ዋጋ ጠየቅን። ለሚጠረጠረው፣ ማለትም ለሞተሩ የውስጥ ዕቃና ለቶርኖ ቤት ሥራ፣ ሁሉም እንደሚቀየር ቆጥረን ሙሉውን ጻፍን። ለማይታወቀው፣ ለካምቢዮና ለሀይድሮሊክ፣ የሞተሩን ጥገና ያህል መጠባበቂያ ያዝን። ሒሳቡ ተደምሮ ሲመጣ የትራክተሩ የጨረታ መነሻ ዋጋ ከሁሉ ትንሹ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ይህን በደንብ ያዙልን። ዝርዝሩ ከቋንቋችሁ ጋር በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በየቡድናችሁ ጸሐፊ እጅ አለ።

ከብረቱ ሌላ ወረቀት አለ። ጨረታው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ ከገዛን በኋላ አቤቱታ የለም። ለመወዳደር በሲፒኦ የጨረታ ማስከበሪያ ማስያዝ አለብን። ብዙ የመንግሥትና የድርጅት ንብረቶች ከቀረጥ ነጻ የገቡ ስለሆኑ ቀረጡን ገዢው እንዲከፍል በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፋል፤ ይህን ሳያነብ የገዛ ሰው ሁለተኛ ዋጋ ይከፍላል። ሊብሬው መኖሩን፣ በላዩ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከማሽኑ ጋር መግጠሙን ማየት ግድ ነው። ሊብሬ የሌለው ትራክተር ቢነሳ እንኳ ታርጋ አያወጣም፤ በመንገድ ላይ ተጎታች ይዞ መሄድም አይችልም።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ኮሚቴያችን ተወያይቶ የተስማማበት ነገር ይህ ነው፦ የምንገዛው ብረቱን ሳይሆን የሥራ ቀኑን ነው። ትራክተሩ በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ገንዘባችንን የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው።

አብረን እናስላ። ሦስት ዲስክ ያለው ማረሻ ወደ አንድ ሜትር ስፋት ያርሳል እንበል። ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት ግማሽ ሄክታር ይሆናል። ግን ጫፍ ላይ ይዞራል፣ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፣ ማሳዎቻችንም ትንንሽና የተበጣጠሱ ናቸው። ስለዚህ በሰዓት ሲሶ ሄክታር እንያዝ። በቀን 6 ሰዓት ቢያርስ 2 ሄክታር ነው። የበቾ መረሬ አፈር ደግሞ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል፤ ለማረስ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። በወቅቱ 30 ቀን ቢሠራ 60 ሄክታር ይሆናል። በሰበታ በኩል አባሎቻችን ለእኩል የሰጡትን መሬት ሁሉ ብንደምረው የዚህን ግማሽ አይሞላም። ቀሪው ከጎረቤት ገበሬ በኪራይ መገኘት አለበት።

እዚህ ላይ ከተሞቻችን በተለያየ መንገድ ላይ እንዳሉ ማየት ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲዋቀር ሦስቱም በሥሩ ገብተዋል። ቡራዩ በአብዛኛው ቤትና ሱቅ ሆኗል፤ የቡራዩ እህቶቻችን ኑሯቸው በወተት፣ በመኖና በእንጀራ ንግድ ላይ ነው። በሰበታም ፋብሪካውና ግንባታው ወደ ማሳው እየገፋ ነው። ዛሬ የምናርሰው መሬት ከአምስት ዓመት በኋላ መሬት ሆኖ ይቆያል ወይ ብሎ መጠየቅ የሟርተኛ ሥራ አይደለም።

ሱሉልታ ደግሞ የድርቆሽ አገር ነው። ሣሩ ከመስከረም በኋላ ታጭዶ በጥቅምትና በኅዳር ይጓጓዛል፤ የሚፈለገው ማረሻ ሳይሆን ተጎታች ነው። ከሰበታ ሱሉልታ መሀላቸው አዲስ አበባና እንጦጦ ስላሉ አንድ ትራክተር በአንድ ሳምንት ሁለቱን አያገለግልም። ወቅታቸው ግን አይጋጭም። እስከ ሐምሌ በሰበታ አርሶ፣ በጥቅምት ወደ ሱሉልታ ወጥቶ ድርቆሽ ቢያመላልስ፣ የቡራዩ እህቶችም ለላሞቻቸው መኖውን በቀጥታ ቢረከቡ፣ የሥራ ቀኑ በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። ሦስቱን ቡድኖች በአንድ ማሽን የሚያገናኝ መንገድ ያየነው ይህን ብቻ ነው። ይህ ግን ተጎታች ይጠይቃል፤ በጨረታው ውስጥ ተጎታችም ማረሻም የለም።

ሌላ አማራጭ አላያችሁም ወይ ትሉን ይሆናል። አይተናል። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 103 የካፒታል ዕቃ ኪራይ ተፈቅዷል፤ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በዚህ መንገድ አዲስ ማሽን በየጊዜው እየከፈሉ በመጨረሻ የራስ ማድረግ ይቻላል። ማሽኑ ሥራ የሚጀምረው ወዲያው ነው፤ ክፍያው ግን ዝናብ ቢቀርም አይቀርም። ከግል ባለንብረት በሰዓት ወይም በሄክታር መከራየትም አለ። ይህ ንብረት አያፈራም፤ ቁጠባችንንም አያሰጋም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል።

አንደኛ፣ በጨረታው እንወዳደር፤ ነገር ግን ጣሪያ አስቀምጠን። የጨረታው ዋጋ፣ ቀረጡ፣ በሎቤድ ማጓጓዣው፣ ጥገናውና መጠባበቂያው፣ ማረሻውና ተጎታቹ ተደምረው ዛሬ ጉባኤው ከሚወስነው ገንዘብ እንዳያልፉ። ዋጋው በጽሑፍ ይሁን። በጨረታ አዳራሽ ውስጥ «ትንሽ ብንጨምርስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ የሚጨምረው ሰው እጅ ላይ ወረቀቱ ይኑር።

ሁለተኛ፣ ለአባላት ብድር የሚዞረው ገንዘብ አይነካም። ልጇን ለማሳከም ነገ ብድር የምትጠይቅ እህት «ገንዘብሽ ትራክተር ውስጥ ነው» የሚል መልስ ልታገኝ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሊብሬው ካልተገኘ ወይም የቀረጡ ጉዳይ በሰነዱ ላይ ግልጽ ካልሆነ አንወዳደርም።

አራተኛ፣ ትራክተሩ ከመገዛቱ በፊት ኃላፊዋ ትመረጥ፤ ደመወዟም ይወሰን። ከአባላት ሴት ልጆች ሁለት ወጣቶች በኦፕሬተርነት ሠልጥነው መንጃ ፈቃድ እንዲያወጡ እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነውም እዚህ ላይ ነው። ማሽን ስጡን አንልም፤ ለሥልጠናውና ለመለዋወጫ መጠባበቂያው ብትቆሙልን ትራክተሩ ሁለተኛ ጊዜ አይቆምም።

አምስተኛ፣ ዛሬ ብንገዛው እንኳ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም። ስለዚህ ብንገዛም ባንገዛም በዚህ ወቅት ትራክተር ተከራይተን አራሽ ለሌላቸው እናቶች እናሳርስ። እያንዳንዱ ሰዓት፣ እያንዳንዱ ሄክታር፣ እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ይመዝገብ። በመስከረም ያ መዝገብ በግምት ያሰላነውን በእውነተኛ ቁጥር ይተካዋል።

ከእነዚህ ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል የእኛ ምክር እንተወው የሚል ነው። ሳር የዋጠው ትራክተር ብቻውን አይደለም፤ ሌላም ይወጣል። የቁጠባ ሣጥናችን ግን አንድ ነው፤ በየሳምንቱ ከሽንኩርትና ከወተት ሽያጭ እየተቀነሰ የሞላ ነው።

እናንተ ትወስናላችሁ። አሁን ለጥያቄ ዕድል እንሰጣለን፤ መካኒኩም ከኋላ ተቀምጧል፤ የሞተሩን ነገር እሱን ጠይቁት።