ሩዌንዞሪና ጮቄ
(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ሩዌንዞሪ የሚባል ተራራ አለ። ከጫፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ማርጌሪታ 5,109 ሜትር ከፍ ይላል፤ ወሰኑም በዚያው ጫፍ ላይ ያልፋል። በ1906 እ.ኤ.አ. የአብሩጺ መስፍን በወጣበት ጊዜ ከተራሮቹ ስድስቱ የበረዶ ግግር ለብሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ግግሩ ሁሉ ተደምሮ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀረ፤ መቅለጡም አልቆመም።

«ይህ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። የሩዌንዞሪ ውሃ በሰምሊኪ ወንዝ አድርጎ ከነጭ ዓባይ ይገባል። ከበስተ ምሥራቃችን ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሣው ተምጫና በቡሬ በኩል የሚወርደው ፈጣም ደግሞ ጉዟቸው ወደ ዓባያችን ነው። ሁለቱ ዓባዮች ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። የጮቄው ጅባራ እንኳ በሩዌንዞሪ ላይ ዘመዶች አሉት።

ጮቄ ቁመቱ 4,100 ሜትር ያህል ቢሆንም የበረዶ ግግር የለውም። ታዲያ በበጋ የምናየው ውሃ ከየት ይመጣል? ለዚህ መልሱን የሰጠን ሩዌንዞሪ ራሱ ነው። ከዚያ የሚወርደውን የሙቡኩን ወንዝ የለኩ ሊቃውንት፥ ከበረዶው የሚገኘው ውሃ ከመቶ 2 እጅ እንኳ እንደማይሞላ ደረሱበት። የቀረው የዝናብ ውሃ ነው፤ እርሱንም ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ረግረጉ፥ ዱሩና አፈሩ ነው።

እንግዲህ የእኛም የውሃ ጎተራ ጓሳው፥ አስታውና ጥቁሩ አፈር ነው። ሞፈር ወደ ጫፍ በወጣ ቍጥር ይህ ጎተራ ይበሳል። የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሱዳን ይወስዳል፤ በበጋም ምንጩ ይነጥፋል። ይሁን እንጂ ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ገብስና ድንች ሊዘራ ሽቅብ የወጣው መሬት ጠቦት ነው። በቈላውና በወይና ደጋው ሆነን ውሃውን የምንጠጣ እኛም የጥበቃው ዕዳ አለብን።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ የየቀበሌያችንን ምንጮች እንቍጠር፤ የትኛው እንደ ደረቀ፥ መቼ እንደ ደረቀ ሽማግሌዎችን ጠይቀን እንጻፍ። የሩዌንዞሪ በረዶ ማለቁ የታወቀው ስለ ተለካ ነው። የጮቄን ውሃ ግን ሳያልቅ እንለካው።