የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?
የዶክተር አክሊሉ ለማ ጽሑፎችና ዋቢዎቻቸው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቀድሞው የአገር ችሎት ባለጉዳይ ቃሉን ብቻውን አያቆምም ነበር። ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቆጥራል። ዳኛው ግን የምስክሮቹን ብዛት ብቻ አይቶ አይፈርድም። እነማን እንደ ሆኑ፥ ምን እንዳዩና ከወዴት ቆመው እንዳዩ ይመረምራል። በሳይንስ ዓለምም ለተመራማሪ ጽሑፍ ምስክር ይቆጠርለታል። ምስክሩ ሌላው ተመራማሪ ነው፤ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ የቀደመውን ሥራ በስሙ ጠርቶ ዋቢ ሲያደርገው ምስክርነቱን ሰጠ ይባላል። የዚህ ንግግር ጥያቄ፥ እንዲህ ያለው ቆጠራ ስለ አንድ የሕክምናና የሕዝብ ጤና ተመራማሪ ምን ይናገራል፥ ምንስ ይሰውራል የሚለው ነው። ለምርመራው የተመረጠው የዶክተር አክሊሉ ለማ የጽሑፍ መዝገብ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቆጠራው አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡም ማን የማንን ጽሑፍ እንደ ጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ቢዘጋጅ፥ ተመራማሪው አንዱን ጽሑፍ ይዞ ተከታዮቹን በቀላሉ ያገኛቸዋል የሚል ነበር። በእርሳቸው መሪነት የሳይንስ ዋቢዎች ማውጫ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታትሞ ወጣ። የተሠራው ጽሑፍ ለመፈለግ ነው። ውሎ አድሮ ግን ሰው መመዘኛ ሆነ። በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ የተመራማሪን መላ ሥራ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አወጡ። አንድ ሰው ካሳተማቸው ጽሑፎች 20ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ መለኪያው 20 ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የሹመት፥ የዕድገትና የገንዘብ ድጋፍ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በዚህ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

አክሊሉ ለማ በ1964 በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ከሺለር ጋር ሆነው የሌሽማንያን ጥገኛ ተሕዋስያን ከሰውነት ሴል ውጭ ስለ ማራባት የጻፉት ጥናት በአንድ የታወቀ የጥገኛ ተሕዋስያን ምርምር መጽሔት ታተመ። ይህ ጽሑፍ ዋቢ ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። ስፍራው ታላቅ ላቦራቶሪ፥ መጽሔቱም በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኝ ነበረና።

ሁለተኛው ሥራቸው የተጀመረው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በአድዋ ወንዝ ዳር ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከአጠባው በላይ በኩል የነበሩት ግን ሕያዋን ነበሩ። ሕያዋኑን ለቅመው በእንዶዱ አረፋ ውስጥ ቢያስገቧቸው እነዚያም ሞቱ። እንዶድ በኢትዮጵያ ለዘመናት እንደ ሳሙና ያገለገለ ተክል ነው፤ በውሃው ውስጥ ሌላ ሥራ እንደሚሠራ ግን በሳይንስ መዝገብ አልሰፈረም ነበር።

የመጀመሪያው አጭር ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። መጽሔቱ ገና በሦስተኛ ቅጹ ላይ ነበር። ዘገባው ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ሲሆን ርእሱም ቅድመ ዘገባ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የእንዶድ ጥናት ሁሉ የሚመዘዘው ግን ከዚያ ነው፤ ግኝቱ መቼና በማን እንደ ተገኘ ዛሬ የማያከራክረው እነዚያ ገጾች በጊዜው ስለ ታተሙ ነው። በ1970 የላቦራቶሪውንና የመስኩን ፍተሻ የያዘው ሰፊ ጽሑፍ በዓለም የጤና ድርጅት ቡለቲን ታተመ። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት የነበሩት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቻቸው ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ኬሚካዊ አሠራሩን በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሳወቁ፤ ስሙንም «ለማቶክሲን» አሉት።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር መነሣት አለበት። በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። የውጭ አገር ማውጫ ግን ሁለተኛውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ በዋቢዎች ማውጫ «አክሊሉ» ብሎ የሚፈልግ አያገኛቸውም፤ የሚገኙት «ለማ» በሚለው ስር ነው። ንጥረ ነገሩም የተጠራው በአባታቸው ስም ነው። ልጅ በሠራው አባት መከበሩ ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ቆጠራው ግን የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አንድ ጊዜ በራሱ ስም፥ አንድ ጊዜ በአባቱ፥ ሌላ ጊዜ በአያቱ ስም ቢመዘገብ፥ ወይም እንደ ወልደ ዮሐንስ ያለው ስም ለሁለት ቢከፈል፥ መዝገቡ ለብዙ ሰዎች ይበታተናል።

ሌላው መሰናክል የጊዜና የቦታ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ በእንዶድ ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሙከራ ተካሄደ። በአምስት ዓመት ውስጥ የቢልሃርዚያ ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። የሕፃናቱ ቁጥር ልዩ ትርጉም አለው፤ ሕፃን ገና በቅርቡ ውሃ መንካት የጀመረ ነውና፥ በእርሱ ላይ የሚታየው ለውጥ አዲስ መተላለፍ መቀነሱን ያመለክታል። ውጤቱ በ1975 በካይሮ በተደረገው የቢልሃርዚያ ጉባኤ ቀርቧል። ሙሉ ዘገባው በምርምር መጽሔት ታትሞ የወጣው ግን በ1983 ነው፤ በጀርመን የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት። ሙከራው ካበቃ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ያልታተመ ደግሞ አይጠቀስም። በታተመውም ጽሑፍ ላይ የፊተኛው ደራሲ ጎል በመሆናቸው፥ ብዙዎች «ጎልና ሌሎች» ብለው ያልፉታል። ግኝቱን የጀመሩት ሰው «ሌሎች» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛሉ።

ከሁሉም የከበደው ግን የመታመን ጉዳይ ነው። እንዶድ ለመስፋፋት ይችል ዘንድ ለሰውና ለአካባቢ ደኅንነቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተፈቀደ ላቦራቶሪ እንዲመረመር ተጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር አይፈቀድም። ችግሩ እንዲህ ያለው ላቦራቶሪና ለእርሱ የሚከፈለው ገንዘብ ቢልሃርዚያ ባለበት አገር አለመኖሩ ነበር። በ1983 በሉሳካ፥ በ1986 በምባባኔ ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዓውደ ጥናቶች ተደረጉ፤ ከዚያም በካናዳ ድጋፍ ምርመራው ተካሂዶ የደኅንነት ግምገማው በ1991 ታተመ። ከመጀመሪያው ዘገባ 26 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አክሊሉ በ1989 ከእጽዋት ተመራማሪው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፥ የአፍሪካን ሳይንስ ያሰናከለው የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፥ መልካም ሳይንስ ከዚያ ይወጣል ብሎ ለማመን የሚከብዳቸው ወገኖች አድልዎም ጭምር መሆኑን አመልክተዋል።

የዶክተር ለገሠ ድርሻም የቆጠራውን ጉድለት ያሳያል። ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፥ ተክለው፥ አወዳድረው «ኢ 44» የተባለውን የተሻለ ዝርያ ለይተዋል። በዚህ ዓይነት ሥራ አንዱ ተክል አድጎ እስኪያፈራ ወቅት ይጠበቃል። ፍሬው በቁና የሚለካ ሥራ በጽሑፍ ብዛት ሲመዘን ቀላል መስሎ ይታያል።

ሚዛናዊ ለመሆን፥ የታሪኩ ፍጻሜም ሊነገር ይገባል። እንዶድ አሳቢዎቹ የተመኙለትን ያህል አልተስፋፋም። ዛሬ በቢልሃርዚያ ላይ ዋነኛው መሣሪያ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት የዳነውን ሰው ወደ ተበከለው ውሃ ከመመለስ አያግደውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጎን እንዲሠራበት መክሯል። አክሊሉ በ1997 ዐርፈዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያ የሚሠሩ ወጣቶች የሚያሳትሙትን ማንኛውም መለኪያ በእርሳቸው መዝገብ ላይ አይጽፍላቸውም።

እንግዲህ ዋቢ መቁጠር ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ቆጠራው ባይኖር አንድ ሐሳብ ከአድዋ ተነሥቶ በካሊፎርኒያ፥ በሉሳካና በካናዳ በኩል እንዴት እንደ ተጓዘ መከታተል አስቸጋሪ በሆነ ነበር። ጥፋቱ የሚመጣው መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ነው። ከቆጠራው ጉድለት ከፊሉ ደግሞ በባለሙያው በራሱ እጅ ሊቃና ይችላል።

መጀመሪያ፥ የተሠራው ሥራ በጊዜው ይታተም። የጉባኤ ዘገባ ለመጽሔት ጽሑፍ ምትክ አይሆንም። ሁለተኛ፥ ስም ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው በአንድ አጻጻፍ ይጻፍ፤ ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው የተመራማሪ መለያ ቁጥርም በዚህ ረገድ ይረዳል። ሦስተኛ፥ የአገር ባልደረባ ሥራ ሲነበብ በዋቢነት ይጠቀስ። የ1965ቱን የኢትዮጵያ ዘገባ ትቶ የኋለኛውን የባሕር ማዶ ጽሑፍ ብቻ የሚጠቅስ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ፥ ሌላው ቢንቀው ሊያማርር አይችልም። አራተኛ፥ የዕድገት ኮሚቴዎች ቁጥሩን ከመመልከታቸው በፊት ከአመልካቹ ጽሑፎች ጥቂቶቹን በሙሉ ያንብቡ። በማን ዘንድ ለምን እንደ ተጠቀሱ ይጠይቁ፤ በመስክ የተለወጠ ነገር መኖር አለመኖሩን ይመርምሩ።

በመጨረሻም በየትኛውም ማውጫ ያልተመዘገቡ ዋቢዎች አሉ። በአድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች እንዶድን መልቀምና መውቀጥ፥ በውሃ በጥብጦ አረፋውን ማውጣት ያውቁ ነበር። ተመራማሪው ያየው በእነርሱ ሥራ ውስጥ ነው። ስማቸው በአንድም ጽሑፍ ግርጌ የለም። ዶክተር አክሊሉ ግን የግኝቱን ታሪክ በተናገሩ ቁጥር የሚጀምሩት ከእነርሱ ነበር። የሕዝብ ጤና ተመራማሪም የመጀመሪያ ምስክሮቹን ሊቆጥር የሚገባው ከዚያ፥ ከውሃው ዳር ነው።