«ቤት» የሌለው ቁማር

ቢስሚላህ፣ ወልሐምዱሊላህ፣ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

በዛሬው ዝግጅታችን ከአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አንድ ወንድማችን የላከልንን ጥያቄ እንመለከታለን። ወንድማችን እንደጻፈልን፣ አብረውት የሚሠሩና በሥራ የሚያውቃቸው ሰዎች ተሰባስበው የፖከር ክለብ ሊያቋቁሙ ነው። ክለቡ አንድ ባለቤት አይኖረውም። እያንዳንዱ አባል እኩል ድርሻ ይገዛል፤ እኩል ድምፅ ይኖረዋል፤ ኮሚቴውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከወጪ የተረፈው ለአባላት ይከፋፈላል። ከትርፉም የተወሰነው ለችግረኞች እንዲሰጥ ተስማምተዋል። እርሱን ደግሞ የሒሳብ ትምህርት ያለውና በአማናው የታወቀ በመሆኑ፣ ድርሻ ገዝቶ በደሞዝ ገንዘብ ያዥ እንዲሆን ጠይቀውታል። «እኔ ካርታ አልነካም» ይላል ወንድማችን። «ማንም ማንንም የማይበዘብዝበት፣ መንግሥትም ያልከለከለው ክለብ ቁማር ቤት ይባላልን? ደሞዙ አገር ቤት ላለችው እናቴ የምልከውን ገንዘብ በእጥፍ ያሳድግልኛል» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛም «ሐራም ነው» ብለን በአንድ ቃል አንዘጋውም። የሚያቀርበውን ምክንያት በሚገባ እንየው።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ክለብ ለምን በዚህ መልክ እንደሚቋቋም እንረዳ። በካዚኖ ውስጥ ፖከር የሚጫወቱት ሰዎች እርስ በርሳቸው ነው። ቤቱ ግን በየዙሩ በጠረጴዛው መሐል ከተከማቸው ገንዘብ የራሱን ድርሻ ቆርጦ ይወስዳል። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ ቁማርን ይከለክላል፤ ሆኖም ለተከሳሽ መከላከያ የሚሆኑ ሦስት ነጥቦችን አስቀምጧል። ጨዋታው ለሕዝብ ክፍት ባልሆነ ቦታ ከተካሄደ፣ ከተጫዋቾቹ የግል አሸናፊነት በስተቀር ማንም ጥቅም ካላገኘ፣ ከችሎታና ከዕድል በቀር የሁሉም ዕጣ እኩል ከሆነ ተከሳሹ በዚያ መከራከር ይችላል። ስለዚህ በግዛቱ ያሉ ክለቦች ከዙሩ መቁረጡን ትተው የአባልነት ክፍያና በሰዓት የሚታሰብ የመቀመጫ ክፍያ ያስከፍላሉ። ይህም ቢሆን ከክርክር አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2019 በሂውስተን ሁለት ክለቦች በፖሊስ ተወርረው ነበር፤ ክሱ በዚያው ዓመት ተነሣ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የ2005ቱ የቁማር ሕግ የአባላት ክለብ ቢያንስ 25 አባላት እንዲኖሩት፣ ለንግድ ትርፍ እንዳይቋቋም፣ ዋና ዓላማውም ቁማር እንዳይሆን ይጠይቃል። በሁለቱም አገር የሕጉ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፤ በሌሎች ቁማር የሚከብር ሦስተኛ ሰው እንዳይኖር ነው የሚፈልገው።

ወንድማችንም የተሞኘው እዚህ ላይ ነው። የቁማር ክፋቱ «ቤቱ» ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ቤቱ ከወጣ ክፋቱም አብሮ የወጣ ይመስለናል።

ውድ አድማጮች፣ ቁርኣን ሲወርድ ዐረቦች ያውቁት የነበረው «መይሲር» ምን ነበር? ካዚኖ አልነበረም። ባለቤትም አልነበረውም። የተከበሩ ሰዎች በተለይም በክረምትና በረሃብ ጊዜ ተሰብስበው አንድ ግመል በዱቤ ገዝተው ያርዳሉ። ከዚያም አሥር ቀስቶች በከረጢት ውስጥ ይጨመራሉ። ሰባቱ ድርሻ አላቸው፤ የመጀመሪያው አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት እያለ እስከ ሰባት ይደርሳል። ባለ ሰባት ድርሻው ቀስት «ሙዐላ» ይባል ነበር። ሦስቱ ቀስቶች ግን ባዶ ናቸው። ባዶው የወጣባቸው ሰዎች ሥጋ አያገኙም፤ የግመሉን ዋጋ የሚከፍሉት ግን እነርሱ ናቸው። ያሸነፉትስ ሥጋውን ምን ያደርጉት ነበር? ለድሆች ይሰጡታል! በዚህም ይኩራሩ ነበር። አብሯቸው ያልገባውን ሰው ደግሞ ንፉግ ብለው ይሰድቡት ነበር፤ ለዚህም «በረም» የሚል የተለየ ስም ነበራቸው።

እስቲ ከወንድማችን ክለብ ጋር አስተያዩት። ባለቤት የለውም፤ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ለችግረኛ ይሰጣል፤ ያልገባ ይወቀሳል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ ስለ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር በሁለቱም ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን አልካደም፤ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው የበለጠ መሆኑን ገለጸ። ብዙ ሙፈሲሮች ከቁማሩ ጥቅም መካከል ይህንኑ ለድሆች ይሰጥ የነበረውን ሥጋ ይጠቅሳሉ። እንግዲህ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛውና 91ኛው አንቀጽ በቁርጥ የተከለከለው ይኸው ባለቤት የሌለው፣ ድሃ የሚያበላው ቁማር ነው። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ በሰዎች መካከል ጠላትነትና ጥላቻን መጣሉ፣ ከአላህ ዚክርና ከሶላትም ማገዱ ነው። ካዚኖ የሚባል ነገር ኖረም አልኖረም እነዚህ ምክንያቶች አይለወጡም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ወንድማችን የሒሳብ ሰው ነውና። ለምሳሌ ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው የ200 ዶላር ቺፕ ገዝተው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ ያለው 1,800 ዶላር ነው። የመቀመጫ ክፍያው በሰዓት 12 ዶላር ቢሆንና አምስት ሰዓት ቢጫወቱ ዘጠኙ በድምሩ 540 ዶላር ይከፍላሉ። ሌሊቱ ሲያልቅ ያ 1,800 ዶላር አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ስንዴ አልተዘራበትም፣ ዕቃ አልተሸጠበትም። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተዛወረ እንጂ። 540ው ለኪራይ፣ ለመብራትና ለካርታ አዳዩ ሄደ። በካዚኖ የሚበላህ የማታውቀው ኩባንያ ነው። በአባላት ክለብ ግን የሚበላህ ነገ በሥራ ቦታ «እንዴት አደርክ» የሚልህ ጓደኛህ ነው።

«ፖከር የችሎታ ጨዋታ ነው» የሚሉም አሉ። አዎን፣ ችሎታ አለበት። ግን ይህ ነገሩን ያከፋዋል እንጂ አያቀለውም። የሚችል ሰው እንዲያተርፍ የማይችል ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሰው በእንግሊዝኛ «ዓሣ» ብለው ይጠሩታል። ዓሣው ገንዘቡ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ክለቡም ሌላ አባል መፈለግ ይኖርበታል።

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ መዝገቡ በማን እጅ ነው? በአንተ። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ቺፕ የገዛው ሰው ስም ከሁሉ በፊት የሚታየው ለገንዘብ ያዡ ነው። የቤት ኪራዩ መሆኑን፣ የልጆቹ መሆኑን ልታውቅ ትችላለህ። ብትከለክለው ክለቡ ይጎዳል፤ ብትሸጥለት እርሱ ይጎዳል። በዓመቱ መጨረሻ የሚደርስህ የድርሻ ትርፍም እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ብዙ ሰዓት ከተቀመጡበት ክፍያ የተረፈው ነው። «ካርታ አልነካም» ማለት ከዚህ አያወጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጠጥ ጉዳይ ጠጪውን ብቻ አልረገሙም፤ ጨማቂውን፣ ተሸካሚውንና ሻጩን ጨምረው አሥር ሰዎችን ረግመዋል። ዑለማዎችም ሐራምን በማገዝ የሚገኝ ደሞዝን በዚሁ መንገድ ያዩታል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ ጓደኛውን ለቁማር የጋበዘ ሰው ሰደቃ እንዲሰጥ ታዝዟል። ግብዣው ብቻ ይህን ካስከተለ ቦታውን አዘጋጅቶ መዝገብ መያዝ ምን ሊሆን ነው?

እግረ መንገዳችንን፣ በአገራችን ጆተኒና ከረምቡላ ቤቶች «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚባለውን ብዙዎቻችን እንደ ቀላል እናየዋለን። ገንዘቡ ትንሽ ነው እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። የሁለቱንም የጠረጴዛ ሒሳብ ተሸናፊው ይሸከማል። ሁለቱ እኩል ቢከፍሉ ምን ነበረበት?

«እንዲህ ከሆነ ዕቁብም ዕጣ አለበት፤ እርሱም ቁማር ሊሆን ነው» የሚል አድማጭ ይኖራል። አይደለም። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ነው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ያዋጣውን ያህል ይወስዳል፤ አንዱ ስላገኘ ሌላው አይከስርም። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤትም በ1410 ዓመተ ሂጅራ በአብላጫ ድምፅ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሠራተኞች በየወሩ እኩል እያዋጡ በተራ የሚወስዱበትን አሠራር ፈቅዷል። ገንዘብ ጨምሮ የሌላውን ዕጣ መግዛት ግን ወለድ የሚገባበት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን በሌላ ዝግጅት እንመለስበታለን።

ያለ ገንዘብ ካርታ መጫወትን በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የከለከሉ አሉ፤ ከሶላትና ከግዴታ እስካላዘናጋ ድረስ የጠሉት እንጂ ሐራም ያላደረጉትም አሉ። የመግቢያ ገንዘብ ተዋጥቶ አሸናፊው የሚጠቀልልበት ውድድር ግን ስሙ «ቶርናመንት» ቢባልም ከዚያው ከመይሲር ነው።

እንግዲህ ወንድማችን ምን ያድርግ? ገንዘብ ያዥነቱን አይቀበል። ድርሻ ገዝቶ ከሆነ ያስገባው ዋና ገንዘብ የራሱ ነውና ጠይቆ ይመልስ። ከጨዋታ ክፍያ የመጣ ትርፍ በእጁ ገብቶ እንደሆነ ባለቤቶቹን ካወቀ ይመልስላቸው፤ ካላወቀ ምንዳ ሳይጠብቅበት ለችግረኛ ይስጠው። ለእናቱ ከዚህ ገንዘብ አይላክ፤ ያችን ትንሿን ሐላል መላኩን ይቀጥል።

ጓደኞቹን ደግሞ ጥሎ አይሽሽ። ከሥራ በኋላ የሚቀመጡበት ቦታ መፈለጋቸው እውነተኛ ችግር ነው። እኩል ድርሻ፣ እኩል ድምፅ፣ የተጣራ መዝገብ፣ እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ በቁማር ላይ መዋላቸው ነው የተበላሸው። በዚያው ደንብ ቡና የሚጠጣበት፣ ኳስ የሚታይበት፣ ዕቁብ የሚጣልበት አዳራሽ ቢከራዩ የሒሳብ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህንን ሐሳብ ሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍለው ሳይጨርሱ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያቅርብላቸው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።